ከብረቱ ይልቅ ዛቢያው፦ የአንድ ሃልበርድ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መግቢያ

ልኬቱ አለቀ። የምሠራው ሃልበርድ ነው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የስዊዝ እግረኛ ወታደር ይይዘው የነበረው ዓይነት። ላላየው ሰው፦ ከሰው ቁመት በሚበልጥ ዛቢያ ጫፍ ላይ ሦስት መሣሪያ አንድ ላይ ነው። ከፊቱ ሰፊ የፋስ ስለት፣ ከአናቱ እንደ ጦር የሚወጋ ሹል፣ ከጀርባው ደግሞ ወደ ታች ቆልመም ያለ መንቁር አለው። ይቆርጣል፣ ይወጋል፣ ይጎትታል።

ለምን እንደምሠራው ልናገር። እዚህ ስዊዘርላንድ ቅዳሜ ቅዳሜ የጥንቱን የአውሮፓ የጦር መሣሪያ አያያዝ ከሚለማመዱ ሰዎች ጋር እውላለሁ። የመለማመጃ ሃልበርዳችን ጫፉ ላይ ያለው ራስ ከጎማ የተሠራ ነው። ጎማ ሰው አይገድልም፤ ስለ ክብደት ግን ይዋሻል። እውነተኛውን ብረት ይዘን ዕቃ ላይ እንድንሞክር አንዳችን መሥራት ነበረብን። ከመካከላቸው በያጅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ዕጣ ይባል እንጂ ሌላ ስም አልተጻፈበትም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞዴል ፍለጋ ዞሎቱርን ሄጄ ነበር። የከተማው አሮጌ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ከ1609 እስከ 1614 ድረስ የተሠራ ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። ጎብኚው ሁሉ አንጋጦ ብረቱን ያያል። እኔ ደግሞ ዓይኔ የቀረው ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በእኔ ግምት የሃልበርድ ታሪክ የተጻፈው እዚያች ጋ ነው።

የ14ኛው መቶ ዘመኑ ሃልበርድ ከስለቱ ጀርባ ሁለት ቀለበት ነበረው። ዛቢያው በሁለቱ ውስጥ ያልፋል፤ የስለቱ የላይኛው ጥግ ራሱ ሾሎ መውጊያ ይሆናል። ኖቬምበር 15 ቀን 1315 ሞርጋርተን ላይ፣ በተራራና በሐይቅ መካከል የገባውን የመስፍን ሊዮፖልድ ቀዳማዊን የኦስትሪያ ጦር የስዊዝ ገበሬዎች የጠበቁት በዚህ ዓይነቱ ነው። ዮሐንስ ዘቪንተርቱር የተባለው መነኩሴ ጥሩር የለበሰውን ፈረሰኛ ሳይቀር በምላጭ እንደተከተፈ ያህል ቆራረጡት ብሎ ጽፏል። መነኩሴ ማጋነን ያውቅበታል፤ እንዲያውም ሆኖ ብረቱ በዘመኑ የነበረውን ጥሩር እንደጎዳው የሚያጠራጥር አይደለም።

ቀለበቱ ግን አንድ ጉድለት አለው። የመውጊያው ጫፍ ከዛቢያው መስመር ወጣ ያለ ነው፤ ስትወጋበት እጅህ ውስጥ መዞር ይፈልጋል። በ15ኛው መቶ ዘመን የመጣው መፍትሔ ዛቢያውን በአራት ማዕዘን ቱቦ ውስጥ መሰካት ነው። ያኔ ሹሉ ከዛቢያው ጋር ቀጥ ብሎ ይሰለፋል፣ ከጀርባም ለመንቁሩ ቦታ ይገኛል። የምሠራው ይህንን ነው። ስለቱ 24 ሳንቲሜትር፣ ዛቢያው 1 ሜትር ከ80።

በሳምንቱ፣ እንጨት

የአውሮፓ ሃልበርድ ዛቢያ በአብዛኛው አሽ ከሚባለው ዛፍ ነው። በአገራችን የለም፤ ግን ባዕድ አይደለም፣ ከወይራ ጋር የአንድ ቤተሰብ ዛፍ ነው። ይህን ሳውቅ ስለ እንጨቱ የነበረኝ ጥርጣሬ ግማሹ ለቀቀኝ። ዛፉ እዚህ አገር ከ2008 ጀምሮ በፈንገስ በሽታ እየደረቀ ስለሆነ በየጫካው እየተቆረጠ ነው። ግንድ ማግኘት አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ጤነኛውን መምረጥ ነው።

ከዕቃ መደብር የሚሸጠውን በመጋዝ የተሰነጠቀ ዘንግ አልፈለግሁም። ለዚህ ሥራ ግንዱ በሽብልቅ ነው የሚፈለጠው። ጡረታ የወጡ አናጢ ጎረቤት አሉኝ፣ የጎጃም ሰው ናቸው። “ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ” ብዬ ጠራኋቸው። ግንዱን ዞር ዞር ብለው አዩት፣ ቅርፊቱን ዳበሱት፣ ከዚያ፦

“አንተ ልጅ፣ ቅርፊቱ ከተጠማዘዘ ሆዱም ተጠማዟል። ይኸኛው ቀጥ ያለ ነው፣ በለው።”

“በመጋዝ ቢሆን አይፈጥንም ወይ?”

“መጋዝ መች እንጨቱን ይጠይቀዋል? ሽብልቅ ግን ጠይቆ ነው የሚኸድ።”

ነገሩ ይኸው ነው። መጋዝ የራሱን መስመር ይዞ የእንጨቱን ጭረት አቋርጦ ይሄዳል፤ ጭረቱ ከዛቢያው ጎን ሾልኮ የወጣበት ቦታ የሚሰበርበት ቦታ ነው። ሽብልቅ ጭረቱን ተከትሎ ስለሚከፍል ከታች የጀመረው ክር እስከ ላይ ይደርሳል። ሌላው የዓመት ቀለበቱ ነው። ብዙ ሰው የተጣበበ ቀለበት ጥንካሬ ይመስለዋል። በአሽ ላይ ተቃራኒው ነው፤ ቀስ ብሎ ያደገ፣ ቀለበቱ የተጣበቀ አሽ ቀላልና ተሰባሪ ይሆናል። እኔ የመረጥኩት በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ 3 ወይም 4 ቀለበት ያለውን ነው።

የተፈለጠው ግንድ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይላል። ጋሼም ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ሩቡን ፈልጠውልኝ ሄዱ፤ ተው ብላቸው መች ይሰሙኛል።

ጥቅምት ማብቂያ

እርጥብ እንጨት ዛቢያ አይሆንም። ከዚህ ግንድ የወጣውን ደርድሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ለአሁኑ ሥራ አንድ ጫካ ጠባቂ ከሁለት ዓመት በፊት ፈልጦ ያደረቀውን ገዛሁት።

በመላጊያ ቅርፅ ማስያዝ ጀመርኩ። ክብ አላደርገውም። አራት ማዕዘን ሆኖ ጥጎቹ የተላጉ፣ 35 በ29 ሚሊሜትር። ሰፊው ገጽታ ከስለቱ አቅጣጫ ጋር ይሄዳል። ለምን ቢባል ክብ ዘንግ እጅ ውስጥ ስለቱ ወዴት እንደዞረ አይናገርም። ሰይፍ የያዘ ሰው ስለቱን ያየዋል፤ ሃልበርድ የያዘ ሰው ግን ስለቱ ከዓይኑ ሁለት ሜትር ይርቃል፣ ፊቱ ደግሞ ጠላት አለ። ስለቱ ትንሽ ካዘነበለ የሚመታው በጎኑ ነው፤ ያኔ ዱላ ሆነ ማለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ዘንጉን ብዙ ጊዜ አሽከረከርኩና መዳፌ አቅጣጫውን በሚያውቅበት ልክ ጥጎቹን ላግሁ። ጥጉ ከበዛ እጅ ይቆርጣል፣ ካነሰ አይናገርም።

ኅዳር፣ ብረቱ

የጥንቱ ቀጥቃጭ ለስላሳ ብረት አጥፎ፣ በእሳት አጣብቆ፣ ስለቱ ላይ ብቻ ጠንካራ ብረት ይጨምርበት ነበር። ጠንካራው ውድ ስለነበረ ነው፤ ደግሞም መላው ራስ ቢጠነክር ይሰነጠቃል። እኔ ከሰልና ወናፍ የለኝም፣ ብየዳ አለኝ። ስለዚህ ስለቱ ካርቦኑ 0.45 በመቶ ከሆነ 4 ሚሊሜትር ላሜራ፣ ቱቦው ከተራ ቱቦላሬ። ቱቦላሬውን በጥጎቹ ላይ ሰንጥቄ፣ አፉ ሰፍቶ ወደ ላይ እንዲጠብ አጥብቤ መልሼ በየድኩት። ቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ እንጨት ይላላል፤ የጠበበ ውስጥ ግን በመታህበት ቁጥር ይጠብቃል።

ካርቦን ያለውን ብረት ከተራው ጋር መበየድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ላይ ከበየድከው መስመሩ ዳር ላይ ይጠነክርና በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ሁለቱንም ወደ 200 ዲግሪ አሞቅሁ፣ በየድኩ፣ ወዲያው አመድ በሞላ በርሜል ውስጥ ቀበርኩት። እስከ ማግስቱ ድረስ ለብ ያለ ነበር።

ስለቱን ከወፍራም ወደ ቀጭን የማውረዱ ሥራ በግራይንደር ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ስለዚህ አልዘረዝረውም። መንቁሩ ግን ማሰብን ይጠይቃል። በጣም ከታጠፈ ይጎትታል እንጂ አይበሳም፤ ቀጥ ካለ ይበሳል እንጂ አይጎትትም። የዘመኑ ቀጥቃጮች ትንሽ ብቻ አዘንብለው የተዉት ሁለቱንም ፈልገው ይመስለኛል። ተከተልኳቸው።

ኅዳር፣ እሳት

ስለቱን ብቻ አጠነከርኩ። የጠርዙን ሦስት ጣት ያህል በጋዝ እሳት አግዬ በማግኔት እየነካሁ ተከታተልኩት። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ከዚያ ትንሽ ጨምሬ፣ የቼሪ ቀለም ሲይዝ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ሞረድ ሳስነካው ተንሸራተተ፤ ጠንክሯል ማለት ነው።

እንዲህ እንዳለ ቢተው ብርጭቆ ነው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አብለጭልጬ ከጀርባው በኩል ቀስ ብዬ አሞቅሁት። ቀለሙ ከቱቦው ወደ ጠርዙ ሲጓዝ ማየት ነው እንግዲህ፦ መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ቢላዋ የሚሠራ ሰው ቢጫው ላይ ያቆማል። እኔ ወይን ጠጁ ጠርዙ ላይ ደርሶ ሰማያዊው ሲከተለው አቆምኩ፣ ወደ 290 ዲግሪ መሆኑ ነው። ይህ መሣሪያ ሽንኩርት አይከትፍም፤ ብረት ይመታል። ጠርዙ ቢታጠፍ በሞረድ ይመለሳል፣ ቢሰበር ግን አይመለስም።

ታኅሣሥ መግቢያ፣ መጋጠሚያው

የሥራው ልብ ይህ ነው።

የቱቦውን ውስጥ በሻማ ጥላሸት አጠቆርኩት። ዛቢያውን አስገብቼ መታ አድርጌ ሳወጣው እንጨቱ የነካበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይወጣል። ነጥቡን በሹል ቢላ እልጋለሁ፣ መልሼ አስገባለሁ። ጥቁሩ በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ ቀርቶ አራቱም ገጽ ላይ እኩል እስኪረጭ ድረስ። ከዚያ ራሱን ወደ ታች አድርጌ፣ ዛቢያውን በአየር ላይ አንጠልጥዬ፣ የላይኛውን የእንጨት ጫፍ በእንጨት መዶሻ መታሁ። ላላየው ሰው ግራ ያጋባል፤ ዛቢያው ወደ ታች ሲገፋ ከባዱ ብረት በቦታው መቅረት ስለሚፈልግ እንጨቱ ራሱ ወደ ቱቦው ይገባል። በእያንዳንዱ ምት የእንጨቱ ትከሻ ወደ ቱቦው አፍ ሲቀርብ ይታያል። መጥረቢያ ሲላላበት እንዲህ የሚያደርግ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀጥሎ የጎን ብረቶቹ። ከቱቦው ተነስተው በዛቢያው ግራና ቀኝ 50 ሳንቲሜትር የሚወርዱ ሁለት ረዣዥም ብረቶች ናቸው። በየመጽሐፉ የሚነገረው ጠላት ዛቢያውን በሰይፍ እንዳይቆርጠው ነው። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ደረቅ የአሽ ዛቢያ ላይ ሰይፍ ሞክረን አይቻለሁ፤ ነክሶ ይቀራል እንጂ በአንድ ምት ቆርጦ አይሄድም፣ ያውም ዛቢያው እጅ ላይ ሆኖ እየተንቀሳቀሰ። የእኔ እምነት ዋናው ሥራቸው ሌላ ነው የሚል ነው። ሃልበርድ ሲመታ ዛቢያው በይበልጥ የሚታጠፈው ልክ ቱቦው ባለቀበት መስመር ላይ ነው፤ ጠንካራው ብረት ቆመ፣ እንጨቱ ብቻውን ቀረ። አካፋ ሁሌ የሚሰበረው እዚያው ቦታ ነው። የጎን ብረቱ ጫናውን ተቀብሎ ግማሽ ሜትር ወደ ታች ይበትነዋል።

እንጨቱን በብረቶቹ ውፍረት ልክ ቦረቦርኩና ገጽ ለገጽ እኩል እንዲሆኑ አስቀመጥኳቸው፤ እጅ ሲንሸራተት የሚያደናቅፈው ነገር እንዳይኖር። ሪቬቶቹ፣ ማለትም ጫፋቸው ተቀጥቅጦ የሚሰፋው የብረት ማያያዣዎች፣ 5 ሚሊሜትር ናቸው፣ ከአንዱ ብረት ገብተው እንጨቱን አልፈው በሌላው ይወጣሉ። ቀዳዳዎቹን በአንድ መስመር አልደረደርኳቸውም፤ አንዱ ወደ ቀኝ ፈቀቅ፣ አንዱ ወደ ግራ። በአንድ ጭረት ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች እንጨቱን ለሁለት የመክፈያ ጥሪ ናቸው። ሪቬቱን በትንሽ መዶሻ ስትመታ መጀመሪያ ድምፁ ደፈን ይላል። ራሱ እየሰፋ ብረቱን ሲይዝ ይቀየርና ይጮኻል። ጩኸቱ ከተሰማ በኋላ የሚጨመር ምት እንጨቱን ይጨፈልቃል፤ እዚያ ላይ ማቆም ነው።

ጥሬ የተልባ ዘይት ቀባሁት። ዘይቱን የጠረግሁበትን ጨርቅ ሽቦ ላይ ዘርግቼ ነው ያደረቅሁት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተጠቅልሎ የተጣለ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ቤት ውስጥ የምትሞክሩ ካላችሁ ይህን አትርሱ።

ታኅሣሥ፣ ሚዛንና ሙከራ

ሚዛን ላይ ወጣ፦ 2.9 ኪሎ። ከቀሩት የዘመኑ መሣሪያዎች ጋር ሲተያይ ከባዱ ወገን ነው፤ አብዛኞቹ በ2 እና በ3 ኪሎ መካከል ናቸው። በአንድ ጣት ላይ የሚቆምበት ቦታ ከቱቦው አናት ወደ 40 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ነው። የፊት እጅ እዚያ ሲውል ክብደቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል፤ የኋላ እጅ ይነዳዋል። ሁለቱም እጆች ወደ ታች ከወረዱ ግን ብረቱ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። ጎማው የሚዋሸው ይህንን ነበር።

ከዚያ ሙከራው። ከ1.5 ሚሊሜትር ተራ ላሜራ ጉልላት ቀጥቅጬ፣ ውስጡን ጨርቅ ሞልቼ ግንድ ላይ አሰርኩት። የራስ ቁር ምትክ ነው።

ስለቱ፦ ጉልላቱን ከመሃል ሲያገኘው ጎድጎድ ያለ ረዥም ሰርጓዳ ተወ፤ አልበሳም። ከመሃል ትንሽ ሲስት ተንሸራቶ በትከሻው በኩል ወረደ፣ በእውነተኛ ሰው ላይ ቢሆን አንገትና ትከሻ ያለበት ነው። መንቁሩ፦ በመጀመሪያው ምት ገባ። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ነው፣ ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፣ መንቁሩን ለማስወጣት ዛቢያውን ወደ ላይ ማንሳት ነበረብኝ።

አሁን የዮሐንስን ምላጭ መልሼ አሰብኩት። በ1315 ፈረሰኛው በብዛት የለበሰው የሰንሰለት ጥሩር ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን መላ አካሉ በቀጥቃጭ በተጠጋጋ ብረት ተሸፈነ፤ የተጠጋጋው ቅርፅ ደግሞ ስለትን የሚያንሸራትት ነው። መንቁሩ የመጣው ይህን ተከትሎ መሆኑ ጉልላቱን ከመታሁ በኋላ ግልጽ ሆነልኝ። ስለቱ ግን አልቀረም፤ ቁር ለሌለው ራስ ይበቃላ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ ኦገስት 22 ቀን 1485 ቦስወርዝ ላይ ሲወድቅ የደረሰበት ይህ ነው። አጽሙ በ2012 ሌስተር ከተማ የመኪና ማቆሚያ ሥር ተገኘ። በ2014 በወጣው ምርመራ በሞቱ ሰዓት አካባቢ የደረሱ 11 ቁስሎች ተቆጠሩ፤ 9ኙ የራስ ቅሉ ላይ ናቸው። ከታችኛው የራስ ቅል ላይ የታየው ትልቁ ጉዳት ከሃልበርድ፣ ከቢል (ዛቢያ ካለው የእንግሊዞች ስለታም መሣሪያ) ወይም ከሰይፍ ጋር የሚሄድ ነው። ያን ጊዜ ቁሩ ራሱ ላይ አልነበረም ማለት ነው።

ታኅሣሥ ማብቂያ፣ አያያዝ

ብረቱን አስቀምጠን በጎማው ተለማመድን፤ አሁን ግን ክብደቱ ከእውነተኛው ጋር እንዲቀራረብ እርሳስ ብረት ጨምረንበታል።

አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከራሱ በላይ አዙሮ መምታት ይፈልጋል። ይምታ፤ ግን ለዚያ በግራና በቀኙ ሁለት ሁለት ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ትከሻ ለትከሻ አሰልፈን ስንሞክር የቀረልን መውጋት፣ ወደ ላይ አንስቶ መጣልና መጎተት ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው መጎተቱ ነው። ወግተህ ስትስት ተቃራኒህ ተረፍኩ ብሎ ወደ ፊት ይገባል፤ ዛቢያውን ወደ ኋላ ስትመልስ መንቁሩ ወይም የስለቱ የታችኛ ጥግ አንገቱን፣ ጉልበቱን ወይም የራሱን ዛቢያ ይዞ ይመጣል። አንድ ጠንካራ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሁለቴ ሣር ላይ ተዘረጋ። ከፈረስ ላይ ሰው ማውረድ እንዴት እንደሚቻል መጠየቅ አቆመ።

ቦታ መፈለጉና ማጠሩ ነው በኋላ ዋጋ ያስከፈለው። ጁን 30 ቀን 1422 አርቤዶ ላይ የሚላኑ የጦር አዛዥ የካርማኞላ ጦር ስዊዞቹን አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ፓይክ የሚባለውን 5 ሜትር የሚደርስ ረዥም ጦር እያበዙ ሄዱ። ፓይኩ ከውጭ ሆኖ ፈረስ ያቆማል፤ ሃልበርዱ ደግሞ መሃል፣ በሰንደቅ ዓላማው ዙሪያ ሆኖ ሰልፉ ሲደባለቅ ይወጣል። ጃንዋሪ 5 ቀን 1477 ናንሲ ላይ የቡርገንዲው መስፍን ሻርል ሲሞት አስከሬኑ ከቀናት በኋላ ራሱ ተፈልጦ ተገኘ፤ የሃልበርድ ሥራ ነው ይባላል። በ1513 ፍሎደን ላይ ደግሞ የስኮትላንዶቹ ፓይክ ረግረግ ሲያቋርጥ ሰልፉ ፈረሰ፣ እንግሊዞቹ በአጭሩ ቢል ገብተው ንጉሥ ጄምስ አራተኛን ጨምሮ ጨረሷቸው። ረዥሙ የሚያሸንፈው ሰልፉ እስካለ ድረስ ነው።

ጋሼ አንድ ቅዳሜ መጥተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አዩን። እጆቻችን ዛቢያው ላይ ሲንሸራተቱ፣ የፊቱና የኋላው ጫፍ ሲፈራረቁ አይተው፦ “ይሄማ ዱላ ነው። ብረቱን ለማስፈራሪያ ነው የደፋችሁበት” አሉ። ሳቅን፤ ግን የጦር መሣሪያ አያያዝ መምህሩ ዮአኪም ማየር በ1570 ስትራስቡርግ ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ከእርሳቸው ጋር ይስማማል። ረዣዥም መሣሪያዎችን ሲያስተምር የሚጀምረው በዘንግ ነው፣ የሁሉም መሠረት እሱ ነው ብሎ። ሃልበርድ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ፓይክ በመጨረሻ።

ጥር

ከሙከራው በኋላ መጋጠሚያውን አጉልቼ መረመርኩት። ሪቬት አልላላም። በቱቦው አፍ ላይ ያለው እንጨት ጤነኛ ነው። የጎን ብረቶቹ በሚያልቁበት ቦታ ላይ ግን ዘይቱ በቀጭኑ ሰንጠቅ ብሏል፤ እንጨቱ ሳይሆን ዘይቱ። መታጠፉ ወደዚያ ተሸጋግሯል ማለት ነው። የብረቶቹን ጫፍ በሞረድ አሳስቼ እንደ ቅጠል አሾልኩት፣ ጫናው በአንድ መስመር ላይ እንዳይቆም። በሙዚየሙ ያየኋቸው አንዳንዶቹ ጫፋቸው እንዲህ የሾለ ነበር፤ ለጌጥ መስሎኝ አልፌው ነበር።

ለሹሉ የቆዳ ሽፋን ተሰፍቷል። ቀጣዩ ሥራ የእንግሊዞቹ ቢል ነው፤ ከገበሬ አጥር መቁረጫ የመጣ ስለሆነ ብረቱ ቀላል ነው። ለዛቢያው ጋሼ የፈለጡት ግንድ ጋራዡ ውስጥ አለ። ጫፎቹ እንዳይሰነጠቁ ሰም ቀብቻቸዋለሁ፤ በመጪው ዓመት ከመድረቁ በፊት አልነካውም።